በቆጂ ያደረ እንግዳ

ኢትዮጵያ ከሮም እስከ ፓሪስ በተካሄዱ ኦሊምፒኮች 24 የወርቅ ሜዳሊያዎች አግኝታለች። ከእነዚህ 13ቱን ያመጡት ሰዎች የአንድ መንገድ ልጆች ናቸው። መንገዱ ከአዳማ ተነስቶ የአርሲን ደጋ እየወጣ ወደ ደቡብ ይዘልቃል። ኢተያ የገዛኸኝ አበራ አገር ናት፤ አሰላ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ፤ በቆጂ ደግሞ የደራርቱ ቱሉ፣ የፋጡማ ሮባ፣ የቀነኒሳ በቀለ፣ የጥሩነሽ ዲባባና የቲኪ ገላና። ከኢተያ እስከ በቆጂ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከ13ቱ ወርቆች አሥሩ የተመዘገቡት በበቆጂ ልጆች ነው።

ይህን ሰምቶ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ከአሰላ ረፋድ ላይ ተነስቶ እኩለ ቀን ሲሆን በቆጂ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት የሚያየው እንደ ማንኛውም የደጋ ከተማ አንድ ዋና ጎዳና፣ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ፣ የእህል መጋዘንና የሻይ ቤት በረንዳ ነው። ፎቶ ያነሳል፣ ምሳ ይበላል፣ «ምስጢሩ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ አሰላ ይመልሳል። የበቆጂ ነገር ግን በቀትር አይገኝም። የከተማዋ ሥራ ንጋት ላይ ነው፤ ታሪኳ በእርሻው፣ በትምህርት ቤቱና በተራራው ላይ ተበትኖ ይገኛል። በቆጂ ያላደረ በቆጂን አላየም። ይህ ዳሰሳ የተጻፈው ለማደር ለሚፈልግ ሰው ነው።

መንገዱን በታሪክ መውጣት

ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ በፈጣኑ መንገድ አዳማ ይገባል። ከአዳማ በአዋሽ መልካሳ በኩል አዋሽን ተሻግሮ ዴራን፣ ኢተያንና ጎንዴን አልፎ አሰላ ይደርሳል። ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአሰላ በሳጉሬ በኩል በቆጂ ለመድረስ ደግሞ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሰላ 2,400ን ታልፋለች፤ በቆጂ 2,800 አካባቢ ናት። በግማሽ ቀን ጉዞ ከግራር ቆላ ተነስቶ ውርጭ የሚወርድበት ደጋ ላይ መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ በመስኮት በኩል ማየት ራሱ የጉብኝቱ አካል ነው። ግራሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጤፍና በቆሎው ለስንዴ ይለቃሉ፤ ስንዴው ከሳጉሬ ወዲያ ለገብስ፣ ለባቄላና ለተልባ ቦታውን ያስረክባል።

ኢተያ የሄጦሳ ወረዳ ከተማ ናት። ገዛኸኝ አበራ በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ ማራቶን ሲያሸንፍ ከአበበ ቢቂላና ከማሞ ወልዴ ወዲህ የተቋረጠውን የኢትዮጵያ የወንዶች ማራቶን ድል መልሶ አምጥቷል። በዚያው ዓመት ክረምት ካናዳ ኤድመንተን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ደራርቱ ቱሉም እዚያው ከተማ በ10,000 ሜትር አሸነፈች። ሁለቱም የዚህ መንገድ ሰዎች ናቸው።

ሄጦሳ ከሩጫው በፊት ሌላ ታሪክ አላት። የአርሲ ኦሮሞዎች ከ1874 እስከ 1879 ዓ.ም. ድረስ በራስ ዳርጌ የተመራውን የምኒልክ ጦር ተቋቁመው ተዋግተዋል፤ ጦርነቱ ያበቃው በአዙሌ ውጊያ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአኖሌ መታሰቢያ ሐውልት የቆመው በዚሁ ወረዳ ነው። ስለዚያ ዘመን በአገራችን የሚደረገው ክርክር ዛሬም አልበረደም። እንግዳ ግን ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ በአርሲ ሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም፤ መሬት ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተሻገረ የሚነገርበት የቤተሰብ ታሪክ ነው። ይህን ሰምቶ የተነሳ ሰው ቀጥሎ የሚያየውን እርሻ በሌላ ዓይን ያያል።

አሰላ ላይ ረፍት ማድረግ ተገቢ ነው። ከተማዋ የዞኑ መቀመጫ ናት፤ የአርሲ ዩኒቨርሲቲና በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል ይገኙባታል። ከበስተጀርባዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጭላሎ ተራራ ቆሟል። ኃይሌ ያደገው በዚህ ተራራ ሥር ነው። በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ ትንሹ ኃይሌ በአባቱ ሬዲዮ ሲያዳምጥ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ያ ሬዲዮ ቀጥሎ የምንነግረውን ታሪክ ለመረዳት ይጠቅማል፤ የአርሲ ሩጫ በአንድ ሰው ድል ሌላው የሚነሳሳበት ቅብብሎሽ ነውና።

ገብስ፣ መሬትና ካዱ

በቆጂን የሠራት ሩጫ አይደለም፤ ገብስ ነው። ከተማዋ የለሙና ቢልቢሎ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ዛሬም የሚያኖራት ከዙሪያዋ በጋሪ፣ በአህያና በመኪና የሚገባው እህል ነው። የገበያ ቀን መቼ እንደሆነ አሰላ ላይ ጠይቆ ጉዞውን ከዚያ ጋር ያገጣጠመ እንግዳ ዕድለኛ ነው። በዚያ ቀን ከየቀበሌው በፈረስ የሚመጡ ገበሬዎች፣ ቅቤ የያዙ ሴቶች፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች የጫኑ አህዮች ጎዳናውን ይሞሉታል። አርሲ ፈረስ የሚወድ አገር ነው፤ ፈረሱም ለጌጥ ብቻ አይቀለብም፣ ይሠራል።

ይህ እርሻ ዛሬ የያዘውን መልክ ለመረዳት ወደ 1960 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጋራ የጀመሩት፣ የአካባቢው ሰው በአጭሩ «ካዱ» የሚለው የጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ፕሮግራም አሰላን ማዕከሉ አድርጎ ሥራ ጀመረ። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድር፣ የተሻሻሉ ላሞችና የገጠር መንገዶች ወደ ገበሬው ደጃፍ መጡ። ጎንዴን አልፎ በመንገዱ ዳር የሚታየው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም የዚያው ዘመን ፍሬ ነው፤ የአገሪቱ ገበሬዎች የሚዘሯቸው ብዙ የስንዴ ዝርያዎች ከዚያ ወጥተዋል።

ልማቱ ግን በሰላም አላለፈም። የጭላሎ ገበሬ በዚያን ጊዜ በብዛት ጭሰኛ ነበር። ስንዴው ማትረፍ ሲጀምርና ትራክተር ሲገባ፣ ባለርስቱ ከጭሰኛው የሚያገኘውን ድርሻ ከመጠበቅ መሬቱን ራሱ ማረስን መረጠ። ብዙ ቤተሰቦች ካደጉበት መሬት ተነቀሉ። ለድሃው ገበሬ የታሰበው ፕሮግራም ለአንዳንዱ የመፈናቀል ምክንያት ሆነ ማለት ነው፤ ይህ በአገራችን የልማት ታሪክ ውስጥ መረሳት የሌለበት ትምህርት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር፣ ካዱ ያመጣው ማዳበሪያና ዘር መሬቱን ባገኘው ገበሬ እጅ ገባ። የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ ወላጆች የዚህ አዋጅ ዘመን ገበሬዎች ናቸው። ልጆቹ ያደጉት ድህነት ባልጠፋበት፣ ነገር ግን ገብስና ወተት በማይታጣበት ቤት ነው።

በደርግ ዘመን የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ደግሞ ገብሱን ከቢራ ፋብሪካዎች ጋር አገናኘው። ዛሬ እንግዳው ከኅዳር ጀምሮ ቢመጣ ኮምባይነሮች ከማሳ ማሳ ሲዘዋወሩ ያያል። ገበሬዎች በሄክታር ወይም በኩንታል ተስማምተው ያስጭዳሉ፤ ኮምባይነር መግባት በማይችልበት ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማጭድና ደቦ አሁንም አሉ።

ገብሱን ግን በማሳ አይቶ ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ መቅመስ ይገባል። በአርሲ ቤት ለክብር እንግዳ የሚቀርበው ጭኮ ነው። ገብሱ ተሸክሽኮ ገለባው ይወጣለታል፤ በምጣድ ላይ እንዳያርር በዝግታ እየተማሰለ ይቆላል፤ ከዚያ ልም ተደርጎ ይፈጫል። በኮረሪማና በሌሎች ቅመሞች የተነጠረ ቅቤ ለብ እያለ በዱቄቱ ላይ ይፈስና በእጅ ይታሻል፤ ቅቤው ዱቄቱን ሙሉ በሙሉ ጠጥቶ ሊጥ እስኪመስል ድረስ። ውሃ ስለማይገባበት ለብዙ ቀን አይበላሽም፤ ስለዚህ የመንገደኛም የሙሽራም ምግብ ነው። አንድ ማንኪያ ለረጅም ሰዓት ይይዛል። በከተማው ምግብ ቤት ባይገኝ የሚሠራ ቤት ካለ ከአንድ ቀን በፊት ጠይቆ ማዘዝ ይቻላል።

ትምህርት ቤቱና ሜዳው

ብዙ ሰው የበቆጂን ድል በአየሩ ይተነትናል። በ2,800 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ልብና ሳንባው በዚያው ልክ ይሠራል። እውነት ነው፤ ግን ደብረ ብርሃንና ደባርቅም በከፍታ ከበቆጂ አያንሱም። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ መሄዳቸውም ይጠቀሳል፤ እሱም እውነት ነው፤ ግን የገጠር ልጅ የማይሮጥበት የአገራችን ደጋ የለም። ከፍታው የሁሉም ነው፤ በቆጂ ያገኘችው ተጨማሪ ነገር አሠልጣኝ፣ አርአያና መንገድ ነው።

አሠልጣኙ ስንታየሁ እሸቱ ነው። የመጣው ከሐረር አካባቢ ነው፤ በበቆጂ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆኖ ተመደበ። ልቡ መጀመሪያ ወደ እግር ኳስ ያደላ ነበር። ልጆቹ ሲሮጡ ካየ በኋላ ግን ሙሉ ጊዜውን ለሩጫ ሰጠ፤ ለአሥርት ዓመታትም ሳይታክት በዚያው ቆየ። መንግሥት ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የመደበው አንድ የስፖርት መምህር ሥራውን ከልቡ ሲሠራ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ለማየት ከበቆጂ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አርአያዋ ደራርቱ ናት። ኢትዮጵያ የሎስ አንጀለስንና የሴኡልን ኦሊምፒኮች ስላልተካፈለች ከሞስኮ በኋላ 12 ዓመት ከመድረኩ ርቃ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ሁለተኛ ከወጣችው ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን የዞሩበት ትዕይንት ከአፓርታይድ እየወጣች ለነበረችው ደቡብ አፍሪካ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ለበቆጂ ልጆች ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር፦ ይህች ሴት የጎረቤት ልጅ ናት። በዚያን ጊዜ ቀነኒሳ የአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ ጥሩነሽ ገና ፊደል በመቁጠሪያ ዕድሜ ላይ ናት። ለዲባባ ልጆች ደራርቱ ጎረቤት ብቻ አይደለችም፣ የሥጋ ዘመዳቸው ናት።

ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች፤ ቀጥላም ቦስተንን ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈች። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ደራርቱ ከወሊድ ተመልሳ በሲድኒ ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች። በ1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ቀነኒሳ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲወስድ፣ በሴቶቹ ውድድር እጅጋየሁ ዲባባ ብር፣ ደራርቱ ነሐስ አገኙ። ከዚያ ነሐሴ 2000 ዓ.ም. መጣ። በቤጂንግ የወንዶችና የሴቶች 5,000 እና 10,000 ሜትር አራቱንም ወርቆች ቀነኒሳና ጥሩነሽ ሁለት ሁለት አድርገው ተካፈሏቸው። ኢትዮጵያ በዚያ ኦሊምፒክ ያገኘችው ወርቅ በሙሉ የአንዲት ወረዳ ከተማ ልጆች ያመጡት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ ጥሩነሽ ሦስተኛ ወርቋን፣ ቲኪ ገላና የማራቶን ወርቅ፣ የቀነኒሳ ወንድም ታሪኩ ደግሞ በ10,000 ሜትር ነሐስ አመጡ። በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የዲባባ ቤት ልጅ ገንዘቤ ሞናኮ ላይ 1,500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። ቀነኒሳ በ1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ ያስመዘገበው የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ደግሞ 15 ዓመት ሳይደፈር ቆይቷል።

ሦስተኛው፣ መንገድ ያልኩት፣ ከበቆጂ ሜዳ የተነሳን ልጅ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው የክለብ ሥርዓት ነው። ደመወዝ የሚከፍል፣ ማደሪያ የሚሰጥ፣ ውድድር የሚያስገባ ክለብ ባይኖር ኖሮ የስንታየሁ ልፋት ከወረዳ ውድድር አያልፍም ነበር። ቀነኒሳ በሙገር ሲሚንቶ፣ ጥሩነሽ በማረሚያ ቤቶች ክለብ በኩል አልፈዋል። ለገበሬ ልጅ፣ በተለይ ለሴት ልጅ፣ የክለብ ቅጥር ማለት ከያለዕድሜ ጋብቻ የምታመልጥበት፣ ለወላጆቿም ገንዘብ የምትልክበት በር ነው። ሜዳው ላይ ከወንዶቹ የማያንሱ ሴቶች የሚታዩት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ካወቁ በኋላ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሜዳው መገኘት ሌላ ነገር ነው። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ላይ ገና አልተነሳም። ልጆቹ በመስመር ይሰለፋሉ፤ ጥሩ ጫማ ያለው ጥቂቱ ነው፣ ሌላው በተጣፈ ስኒከር፣ አንዳንዱም በፕላስቲክ ጫማ። አሠልጣኙ ፊሽካ ሲነፋ የመጀመሪያው ረድፍ ጉልበቱን እስከ ወገቡ እያነሳ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ይከተላል፤ ማንም ከመስመሩ አይወጣም። ማፍታታቱ ሲያልቅ ወደ ባሕር ዛፉ ይገባሉ። ከፊት አንድ ልጅ ይመራል፤ ሌሎቹ አንድ ሰልፍ ሆነው ከግንድ ግንድ እየተጠማዘዙ ይከተሉታል። ሲወጡ ሲወርዱ፣ ሲዞሩ ሲመለሱ የሚሰማው የእግራቸው ኮቴና ትንፋሻቸው ብቻ ነው። የኋለኛው የፊተኛውን እርምጃ ካልጠበቀ ይጋጫል። ብቻውን የሚሮጥ የለም። በቤጂንግ የመጨረሻ ዙር ያየነው ትዕግሥት የሚለመደው እዚህ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሁሉም ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ እርሻ ይበተናሉ፤ ሜዳው ለከብቶች ይቀራል። ለዚህ ነው በቀትር የሚደርስ እንግዳ ምንም ሳያይ የሚመለሰው።

ተራራው

በቆጂ በተራሮች መካከል ናት። በሰሜን ጭላሎ፣ በምሥራቅ የጋለማ ሰንሰለት፣ ከከተማዋ የማይርቀው ካካ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ጭላሎ ጋለማ፣ ካካ፣ ሁንቆሎና ከታች በቆላው ያለው ዴራ ድልፈቃር ተጠቃለው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተብለዋል። ከእርሻው በላይ ኮሶና ጽድ፣ ከዚያ አስታ፣ ከላይ ጅባራ ይገኛል። የዕድል ጉዳይ ቢሆንም በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖሩት የደጋ አጋዘንና ቀይ ቀበሮ በዚህ አሉ። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው የከታር ወንዝ ዝዋይ ሐይቅን ይመግባል፤ የተራራው ሣርና ቁጥቋጦ ሲመናመን ከታች ያለው ሐይቅም እንደሚጎዳ ማሰብ ይገባል። እርሻ በየዓመቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ከብቱም ይከተላል። ፓርኩ በወረቀት ላይ ያለው ወሰንና መሬት ላይ ያለው ኑሮ ገና አልታረቁም፤ እርቁ የሚመጣው በተራራው ዙሪያ ያለው ገበሬ ከፓርኩ የሚያገኘው ጥቅም በዓይኑ ሲታየው ነው።

ለተራራው አንድ ሙሉ ቀን ይመድቡ፤ የአካባቢውን መንገድ መሪና ፈረስ በገንዘብ ይያዙ። ወጣቶቹ የትኛው ጅረት በየትኛው ወር እንደሚሞላ፣ ውሻ የሚበዛበት ሰፈር የቱ እንደሆነ ያውቃሉ። ማልዶ መነሳት ግድ ነው፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ወርዶ ተራራውን ይሸፍነዋል።

ለሚያድር እንግዳ

ለጉብኝት ምርጡ ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ነው። መስከረምና ጥቅምት ማሳው አረንጓዴና አደይ የበዛበት ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ አለው። ክረምት ላይ ዝናቡ ይበረታል፤ ሜዳው ጭቃ ይሆናል፤ ልምምዱ ግን አይቋረጥም፣ ስለዚህ ጽናት ማየት የሚፈልግ ሐምሌም ቢመጣ አያጣም። በማንኛውም ወር ወፍራም ጃኬትና ጋቢ ያስፈልጋል።

በቆጂ ውስጥ ያሉት ማረፊያዎች መጠነኛ ናቸው፤ ሙቅ ውሃና መብራት ሳይጠይቁ ክፍል አይያዙ። የመጀመሪያውን ቀን ሩጫ ሳይሞክሩ በእግር ይራመዱ፤ ከቆላ የመጣ ሰው እዚህ ደረጃ ሲወጣ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል። ብዙ ውሃ ይጠጡ። ከመነሳትዎ በፊትም የመንገዱን ሰላም አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ይጠይቁ፤ አርሲ በቅርብ ዓመታት የጸጥታ ችግር የገጠመው አካባቢ ስለሆነ ይህ ጥንቃቄ ችላ የሚባል አይደለም።

በከተማው አማርኛ ይሰማል፤ ቋንቋው ግን አፋን ኦሮሞ ነው። ጠዋት «አካም ቡልተኒ»፣ ሲያመሰግኑ «ገለቶማ» ማለት ፊትን ያበራል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሰፈርና ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ስለዚህ የጾምና የበዓል ቀኖችን አስቀድሞ ማወቅ ለምግብም ለጨዋነትም ይጠቅማል።

ልምምድ ለማየት በዋዜማው አሠልጣኞቹን ያስፈቅዱ። ከመስመሩ ውጭ ይቁሙ፤ በልምምድ መሐል ልጆችን አስቁሞ ፎቶ ማንሳት የአሠልጣኙንም የልጆቹንም ሥራ ማቋረጥ ነው። ጫማ ወይም ልብስ ይዘው ከመጡ መንገድ ላይ ለልጆች አይበትኑ፤ ለአሠልጣኙ ይስጡ፤ ማን በባዶ እግሩ እንደሚሮጥና ማን ተስፋ እንዳለው የሚያውቀው እሱ ነው። ሲሄዱም ገብስ፣ ማር ወይም ነጭ ሽንኩርት ከገበሬው ይግዙ።

ከኢተን ምን እንማር?

የበቆጂን ጉዳይ ከኬንያዋ ኢተን ጋር ሳያነጻጽሩ ማለፍ አይቻልም። ኢተን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እዚያም ታሪኩን የጀመረው ከሌላ ቦታ የመጣ መምህር ነው፤ አየርላንዳዊው ኮልም ኦኮኔል እ.ኤ.አ. በ1976 በቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ለማስተማር መጥቶ የዓለም ሻምፒዮኖች አሠልጣኝ ሆኖ ቀረ። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ከተሞች ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። በኢተን ሯጯ ሎርና ኪፕላጋት ለእንግዶች ጭምር የሚሆን የልምምድ ማዕከል አቋቋመች፤ ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከእስያ የሚመጡ ሯጮች በኢተን ሳምንታትን ያሳልፋሉ፤ ክፍል ይከራያሉ፣ ምግብ ይገዛሉ፣ የአካባቢውን ወጣቶች አብሯቸው እንዲሮጡ ይቀጥራሉ። ከተማዋ ከዝናዋ ትኖራለች።

የበቆጂ ዝና ግን አዲስ አበባ ሄዶ ይቀራል። የተሳካለት ልጅ ወደ ዋና ከተማው ይገባል፤ ቤቱንም ንግዱንም እዚያ ይሠራል፤ ዘመናዊው የልምምድ ሜዳ ሱሉልታ ላይ ነው፤ የውጭ አገር ሯጭም እንጦጦና ሱሉልታ ሮጦ ወደ አገሩ ይመለሳል። በዚህ ሯጮቹን መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ውድድሩ፣ ክለቡና አውሮፕላን ማረፊያው ያለው እዚያ ነው። በ2004 ዓ.ም. ስለ በቆጂ ወጣት ሯጮች የተሠራው «የሯጮች ከተማ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም የከተማዋን ስም በዓለም አስጠራ፤ ፊልሙን አይቶ ለመጣ ሰው ግን የምታቀርብለት ዝግጅት አልነበራትም።

መፍትሔው ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ንጹሕ አልጋና ሙቅ ውሃ ያላቸው ጥቂት ማረፊያዎች፣ የልምምዱን ሥርዓት የሚያስረዱ የሠለጠኑ አስጎብኚዎች፣ የሜዳሊያዎቹንና የትምህርት ቤቱን ታሪክ የያዘ አንድ አዳራሽ፣ ከአዳማ እስከ በቆጂ ያለውን መንገድ በአንድ የጉዞ መስመር የሚያስተሳስር የወረዳዎች ስምምነት፣ ለሜዳው ጥገና በግልጽ የሚውል የመግቢያ ክፍያ፤ ይህ ለመጀመር ይበቃል። ወረዳው መሬቱንና ፈቃዱን ያቅርብ፤ በዓለም የሚታወቁት የከተማዋ ልጆች ስማቸውንና ከገንዘባቸው ጥቂቱን ያዋጡ፤ አስጎብኚ ድርጅቶች ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ ተራሮች የሚያልፉ እንግዶቻቸውን በቆጂ አንድ ሌሊት ያሳድሩ። መንገዱ በበቆጂ፣ በመራሮና በአሳሳ በኩል ዶዶላ ይደርሳልና ባሌ ለሚሄድ ሰው በቆጂ ማደር ከመንገድ መውጣት አይደለም።

ከዚህ በፊት አንድ መምህርና አንድ ሜዳ ብቻ ይዛ ለአገሯ አሥር የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣች ከተማ እንግዳ መቀበል አያቅታትም። ያጣችው የሚያድርባትን ሰው ነው። ኢትዮጵያውያን በየኦሊምፒኩ ማለዳ ተነስተን በቴሌቪዥን ፊት ስናለቅስና ስንጨፍር የኖርነው በእነዚህ ልጆች ነው፤ ዕዳችንን ለመክፈል መጀመሪያ ማድረግ የምንችለው ሻንጣችንን ይዘን ሄደን፣ አንድ ሌሊት አድረን፣ ላገኘነው አገልግሎት በአግባቡ መክፈል ነው።